የክኒኑ ብናኝ

ሰፈሩ ጋሽ ቅንጣት ይለኛል። ትክክለኛ ስሜን የሚያውቁት ባለቤቴ፣ ልጄና የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ቅጽል ስሙን ያወጣልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው፤ አንድ ቀን ከሱቄ ሊወጣ ሲል አስቁሜ የጫማውን ሶል በብሩሽ ስለጠረግኩበት። ምን ላድርግ፣ ወርቅ ሠሪ ነኝ። ወርቅ ሲሞረድ ብናኙ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፣ መሬት ላይ ያርፋል፣ የሰው ጫማ ላይ ያርፋል። እኔ ደግሞ ቅንጣት ታህል አላስወጣም። ስሠራ ጭኔ ላይ ቆዳ ዘርግቼ የሚወድቀውን እቀበላለሁ፤ ከቆዳው ያመለጠውን ጣቴን በምላሴ አርሼ አንድ በአንድ እለቅመዋለሁ፤ እጄን የታጠብኩበት ውሃ እንኳ እስኪጠል ይቀመጣል እንጂ አይደፋም። ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ የሞትክ ዕለት መጀመሪያ በወንፊት ነፍተን ነው የምንቀብርህ" ትለኛለች። እኔ ምስጋና እየመሰለኝ ፈገግ እላለሁ።

ይኸው ቅንጣት የማያስወጣ እጄ ነው እንግዲህ መሳቂያ ያደረገኝ።

የክኒኑ ነገር የተጀመረው ባለቤቴ ቀዶ ሕክምና ያደረገች ጊዜ ነው። ልጃችን ያኔ ገና ተማሪ ነበረች። ባለቤቴን በተሽከርካሪ አልጋ ይዘዋት ገቡና በሩን ዘጉብኝ፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። ልቤ ድው ድው ይል ጀመር፤ ትንፋሼ አጠረ፤ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ከእሷ ቀድሜ የምሞተው እኔ መሰለኝ። አንድ ሐኪም አዘነልኝና ትንሽዬ ነጭ ክኒን ጻፈልኝ። "ለጥቂት ሳምንት ነው" አለኝ። ባለቤቴ ዳነች፣ ተነሣች፣ ቤቷ ገብታ እኔን መቆጣቷን ቀጠለች። እኔ ግን ክኒኑን አልተውኩም። ታማሚዋ ተነሥታ አስታማሚው ቀረ ማለት ነው። አንዱ ሐኪም ሄዶ ሌላው ሲተካ "የድሮው ነው፣ ያችኑ ይጻፉልኝ" እያልኩ፣ ልጄ ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች፣ አገባች፣ ወለደች። ጥቂት ሳምንቱ አላለቀም።

ውለታውን አልክድም፤ መጀመሪያ ላይ ሰው አድርጎኛል። ኋላ ኋላ ግን ቀትር ላይ ጠረጴዛዬ ላይ እንቅልፍ ይጥለኝ ጀመር። የደንበኛ ጣት ለክቼ ዞር ከማለቴ ልኩን እረሳለሁ። ከወንበር ስነሣ ቤቱ ትንሽ ይዞርና ይመለሳል። "ዕድሜ ነው" እላለሁ፤ ዕድሜ ሲወቅሱት መልስ አይሰጥምና ደህና አመካኘሁበት።

የምንኖረው ከሱቁ በላይ ነው፤ ልጄና ባሏ ደግሞ ከእኛ በላይ። ጠዋት ልጄ ወደ ሥራ ስትወጣ የልጅ ልጄን ሚጡን ከእጇ ተቀብዬ፣ አቅፌ፣ በጠባቡ ደረጃ ወደ ሱቅ ማውረድ የእኔ ድርሻ ነበር። ባለቤቴ ተከትላን ትመጣና ቀኑን ሁሉ ሦስታችን እዚያው ነን። የቀኔ ደስታ ግን ያ ደረጃ ነው። ሚጡ ያኔ ገና መዳህ መጀመሯ ነበር፤ የሸሚዜን ኮሌታ በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ በየደረጃው "እ" እያለች ትወርዳለች።

አንድ ጠዋት ደረጃው መሐል ላይ ቤቱ ዞረ። ጊዜ ያገኘሁት ልጅቱን ደረቴ ላይ ለጥፌ በጀርባዬ ለመውደቅ ብቻ ነው። በጀርባዬ ተንሸራትቼ ከታች ደረስኩ። ሚጡ ጨዋታ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። ልጄ ከላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። አልጮኸችም፤ ምነው በጮኸችብኝ። ወርዳ ልጇን ከደረቴ ላይ አነሣች፣ እኔን ደግፋ አስቀመጠችኝና፣ "አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተቀምጠህ ነው የምትይዛት" አለችኝ።

ተቀምጦ መያዝ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። መጀመሪያ ሶፋ ላይ ያስቀምጡሃል። ግራና ቀኝህ ትራስ ይወሽቁልሃል። ከዚያ ልጅቱን ጭንህ ላይ ያኖሩና እጃቸውን ዘርግተው አጠገብህ ይቆማሉ። ደንበኛ አምኖ የእናቱን ሐብል የሚሰጠኝን ሰውዬ፣ የገዛ ልጄ በልጇ አላምን አለችኝ። እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑ ነው ቆሽቴን ያሳረረው።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ በዕድሜ ከልጄ የምታንስ ናት። የምወስደውን ነገርኳት።

"አባባ፣ ይህን ክኒን እስከ ዛሬ ማን ነው የሚጽፍልዎት?"

"እናንተ" አልኳት።

ሳቋን ዋጥ አደረገችና አስረዳችኝ፤ በዚህ ዕድሜ መፍዘዙንም፣ መርሳቱንም፣ መውደቁንም ይኸው ክኒን ሊያመጣው እንደሚችል። "እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ትቼዋለሁ" ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

"እንዳያደርጉት። ሰውነትዎ ለምዶታል፤ በአንዴ ቢያቆሙ ክፉኛ ያንቀጠቅጥዎታል፣ ራስዎን ስተው ሊወድቁም ይችላሉ። በትንሽ በትንሹ እንቀንሳለን። ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ዓመትም ሊያልፍ ይችላል።"

"ዓመት?"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም?"

እንቁላሉ መንገዱን ይጨርስና እኔ ግን ሚጡን መቼ ልይዛት ነው፣ አልኩ በልቤ። ሐኪሟ ክኒን በልክ መቀነስ ስለሚያስቸግር የዚያኑ መድኃኒት ፈሳሽ ልታዝልኝ ፈለገች፤ በሕፃናት መድኃኒት መስጫ እየለካሁ እንድጠጣው። እዚህ ላይ ኩራቴ መጣ። "ዶክተር፣ እኔ እኮ ወርቅ ሠሪ ነኝ። ሱቄ ውስጥ የዓይን ሽፋሽፍት የሚመዝን ሚዛን አለ። እርስዎ ልኩን ብቻ ይንገሩኝ፣ የመቀነሱን ነገር ለእኔ ይተዉት።" አየት አደረገችኝ። "እሺ" አለች፤ "ግን ከነገርኩዎት ልክ እንዳያልፉ።" እኔ ከልክ ላልፍ? ሰፈሩ የሚለኝን ብትሰማ።

ሥራው ጠዋት ጠዋት ሆነ። የሱቁን በር እዘጋለሁ። ለዚሁ ብቻ የገዛሁትን ደቃቅ ሞረድ አወጣለሁ። ክኒኑን በወረንጦ ይዤ፣ አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ፣ ንጹሕ ወረቀት ላይ ጠርዙን ሞረድ ሞረድ አደርጋለሁ፤ እመዝናለሁ፤ ደግሞ እሞርዳለሁ። ሐኪሟ ያለችው ልክ ላይ ሲደርስ በውሃ እውጠዋለሁ። ወረቀቱ ላይ የቀረውን ብናኝ እንደ ሙያዬ ደንብ ለቅሜ፣ ከወርቁ ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው ባዘጋጀሁለት ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ። የክኒን ብናኝ ምን ያደርግልሃል የሚለኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ብናኝ አይጣልም፣ አለቀ።

ልክ በልክ ወረድኩ። ምንም አልሆንኩም። ያስፈራሩኝ መንቀጥቀጥ የታለ? ላቡስ? እንቅልፍ ማጣቱስ? እንቅልፌ ለጥ ነው። ልብስ ሰፊውን ይዤ ስብከት ጀመርኩ፤ እሱም ከእኔው ክኒን ጥቂት ጥቂት ይዋሰኝ ነበርና። "ሁሉም ነገር በሰው ቁርጠኝነት ነው" እለዋለሁ። "ወንድ ልጅ ካመረረ የማይተወው ነገር የለም።" እሱ መርፌውን ከከንፈሩ ሳያወጣ ራሱን ይነቀንቃል። ያን ጊዜ ምላሴን መርፌው ቢወጋልኝ ጥሩ ነበር።

ሐኪሟ ዘንድ ስመለስም አፌን ሞልቼ ነገርኳት። "ምንም ምልክት የለም?" ብላ ተገረመች።

"ከአፌ መምረር በቀር።"

"አንዳንድ ሰው ላይ የአፍ ጣዕም ይለወጣል" አለች። እኔም ያን ምሬት እንደ ሜዳሊያ ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። እራት ላይ "ሬት ሬት ይለኛል፣ ግን ችየዋለሁ" ስል ልጄ በአድናቆት አየችኝ። ቆሜ ሚጡን ሳሎን ውስጥ እንድይዛት ፈቀደች። "ደረጃውን ደግሞ ሐኪሟ በሚቀጥለው እሺ ካለች" አለችኝ። ከወንበር ስነሣ ቤቱ አሁንም ትንሽ ይዞር ነበር፤ በጫማዬ አመካኘሁና አዲስ ጫማ ገዛሁ።

ባለቤቴ አንድ ጠዋት ሱቅ የረሳችውን ቁልፏን ልትወስድ ወረደች። በሩን ከፍቼላት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ፊት ለፊቴ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ታየኝ ጀመር። ክኒኑን ሞረድኩ፣ መዘንኩ፣ ዋጥኩ፣ ብናኙን መልቀም ጀመርኩ።

"ምንድን ነው የምትልሰው?" አለች።

"የምን መላስ?"

"ጣትህን።"

"ብናኙን እያነሣሁ ነዋ። ጣት ካልረጠበ ያነሣል እንዴ?"

"እሺ፣ አነሣኸው። ከዚያስ?"

"ከዚያማ ቆርቆሮው ላይ አራግፈዋለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ጣቴን መልሼ አርስና የቀረውን..."

አረፍተ ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። ባለቤቴ ቆርቆሮውን ከፍታ ወደ መብራቱ አዘነበለችው። ብናኙ የቆርቆሮውን ታች እንኳ አልሸፈነም። "ይኸን ያህል ጊዜ ሞርደህ ያጠራቀምከው ይቺን ነው?"

"ሞረዱ ደቃቅ ስለሆነ ነው" አልኩ፤ ውሸት መሆኑን ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። የማራግፈው ቅንጣት፣ የምልሰው ብዙ ነበር። ክኒኑን ጠዋት ጠዋት ሞርጄ በፊት በር አስወጥቼ፣ በጓሮ በር መልሼ አስገባው ኖሯል። ምሬቱም የጀግንነቴ አልነበረም፤ የክኒኑ ነበር። እጄን በአፌ ልጭን አልኩና ተውኩት፤ እሱም ብናኝ ነበረበት።

ባለቤቴ ቆርቆሮውን ከደነችው። "እንዲህ ከሆነማ" አለች፣ "ስንት ዓመት ሙሉ የስንቱን ቀለበት እንደላስክ እግዜር ይወቅ። የሞትክ ዕለት መቅበር የለብንም፣ ማቅለጥ ነው።"

ለልጄ መንገር የእኔ ፈንታ ነበር። ማታ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ አገኘኋትና ነገርኳት። መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ሳቁ አሸነፋትና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ያልፍልኝ መስሎኝ። ዓይኗን ጠረግ አደረገችና፣ "አባዬ፣ እኔ እኮ ላምንህ ነበር" አለችኝ። ሳቋ አልጎዳኝም። ያቺ ቃል ግን ሆዴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ሐኪሟ ዘንድ ዓይኔን በጨው አጥቤ ተመለስኩ። ስነግራት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ዞር ስትል ግን ቀልድ አልነበራትም። "ስንት እየወሰዱ እንደነበር ስለማናውቅ ወርደዋል ብለን አንቀጥልም። እንደ አዲስ እንጀምራለን። በፈሳሹ።" እሺ አልኳት፤ ምን ምላስ አለኝ። የነበረኝን ምላስ ምን ላይ እንዳዋልኩት ሰምታለች።

እናም በዚህ ዕድሜዬ፣ ሽበቴን ይዤ፣ ወጥ ቤት ቆሜ፣ ሚጡ የትኩሳት መድኃኒቷን በምትወስድበት ዓይነት መስጫ መድኃኒቴን ወደ አፌ ማንቆርቆር ጀመርኩ። ሚጡ ስታየኝ አፏን አብራኝ ትከፍታለች። ሐኪሟ ያለችው ያኔ መጣ። ሲቀነስ ሌላ ሰው ሆንኩ። አምፖሉ ሲጮህ ይሰማኛል። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ድንጋይ ቀለበት ላይ ማስቀመጥ አቃተኝና ለተወሰነ ጊዜ ሰንሰለት ብቻ እቀጥል ነበር፤ እሱንም ቀትር ሳይደርስ ዘግቼ እገባለሁ። አንድ ቀን የልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ። ሄጄ በሩን ደበደብኩና፣ "ይኸን ማሽን አቁምልኝ፣ አበድኩ እኮ" አልኩት። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ። "ጋሽ ቅንጣት፣ ማሽኑ ጥገና ከሄደ ሰነበተ። እኔም በእጄ እየሰፋሁ ነው" አለኝ። ቁርጠኝነት ስለሚባለው ነገር ያን ቀን አላነሣሁበትም። እሱም አላነሣብኝም፤ ወንበር አቀረበልኝ።

ከባዱ ግን ጆሮዬም እጄም አልነበረም። አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ቆየች። ስልኳ አይነሣም። ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ፤ ትንፋሼ አጠረ፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። ያ ኮሪደር፣ ያ የተዘጋ በር፣ ሁሉም እንዳለ መጣብኝ። ስንት ዘመን ሙሉ ፍርሃቱን ያሸነፍኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ አስተኝቼው ኖሯል። ሱቅ ወርጄ መሳቢያውን ከፈትኩ። ቆርቆሮው እዚያው ነው። ክዳኑን አነሣሁ። ጣቴን አረስኩ። እውነት እላችኋለሁ፣ ጣቴ ብናኙ ላይ ሊያርፍ ነበር። "ላምንህ ነበር" ያለችው ልጄ ድምፅ ባይመጣብኝ ያርፍም ነበር። ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ቁጭ አልኩ። ፈራሁ። ዝም ብዬ፣ ያለ ምንም ነገር፣ ፈራሁ።

ባለቤቴ ስትገባ ያገኘችኝ እንደዚያ ሆኜ ነው። "ምን ሆነሃል?" አለችኝ።

"የሞትሽ መስሎኝ።"

"ዛሬ ነው ወይስ ያኔ?"

"ያኔም፣ ዛሬም።"

በርጩማውን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። የሆነ የሚያስቅ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። "ያኔ እኔም ፈርቼ ነበር" አለች። "ከቤት ከገባሁም በኋላ ገና እፈራ ነበር። ልነግርህ ዞር ስል አንተ ክኒንህን ውጠህ ተኝተሃል። ልቀሰቅስህ እልና አንጀቴ አልችል ይለኛል።" ይህን በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም። አልጠየቅኳትም ነበር። እጇን ያዝኩት። አለቀስኩ፤ ቅንጣት ሳላስቀር።

በማግሥቱ ቆርቆሮውን ወስጄ ለመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ሰጠኋት። ብናኝ ስጥል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። "ምንድን ነው ይኼ?" አለችኝ።

"ጀግንነቴ ነው፤ ይጣልልኝ።" ባዶውን ቆርቆሮ ግን ተቀብያት መጣሁ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ረጅም ነው፤ ዝርዝሩ አሰልቺ ነው። ቀነስን፣ ቆምን፣ ደግሞ ቀነስን። አንዳንዴ ሐኪሟ "እዚህ ልክ ላይ እንቆይ" ትልና እንቆያለን። እጄ ቀስ እያለ ተመለሰ። ድንጋይ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ከወንበር ስነሣ ቤቱ ባለበት ቆየልኝ። አንድ ቀን ሐኪሟ "አባባ፣ ጨርሰናል" አለችኝ። ደረቴን ልነፋ አልኩና ትዝ ብሎኝ መልሼ አስተነፈስኩት።

ለደረጃው ልምምድ ሳላደርግ አልቀረሁም። ትልቁን ትራስ አቅፌ ስወጣ ስወርድ ባለቤቴ ይዛኛለች። "ራሱን ደግፍለት እንጂ፣ አንገቱ ገና አልጸናም" ብላኝ አለፈች።

በነገታው ጠዋት ወደ ላይ ወጣሁ። ልጄ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ሚጡን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። አየችኝ። እግሬን አየች። ከዚያ ልጇን ወደ እኔ ዘርጋ አደረገቻትና፣ "አባዬ፣ ያዛት" አለችኝ። ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ይህን ቀን ስመኘው ነው የኖርኩት።

ሚጡ እጄን አየች፣ ደረጃውን አየች። "ራሴ" አለችና ከእናቷ ክንድ ተንሸራትታ ወረደች።

እንቁላሉ ለካ እኔ ስሞርድና ስልስ፣ ስንቀጠቀጥና ስጨቃጨቅ፣ እግር አውጥቶ ኖሯል። እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ልጄ ከንፈሯን ነክሳለች። ሚጡ ከመጀመሪያው ደረጃ ጫፍ ላይ ቆማ ወደ ላይ አንጋጠጠችና አመልካች ጣቴን፣ ያችኑ ጉደኛ ጣቴን፣ ጨበጠች። "ቀስ" አለችኝ፤ እናቷ የምትላትን መሆኑ ነው። እኔም ቀስ አልኩ። በየደረጃው ሁለቱን እግሯን አንድ ላይ እያሳረፈች፣ እኔም እንደሷው እያሳረፍኩ ወረድን። ያኔ የወደቅንበት ቦታ ላይ ስንደርስ እግሬ አልነሣ አለኝ። ፍርሃት ነው፤ አውቀዋለሁ። የደረጃውን መደገፊያ በሌላ እጄ ያዝኩና ቆምኩ፣ እሷም ቆመች፣ አለፈ።

ልጄ ከላይ ሆና እያየችን ይሆናል ብዬ ቀና አልኩ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ቦርሳዋን ልታመጣ ወደ ውስጥ ገብታለች።